ነባሩ የመተማ ሱቅ፦ የገበያው ታሪክ ምስክር

መተማ ሲነሳ በብዙ ኢትዮጵያዊ ልብ ቀድሞ የሚመጣው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከድርቡሾች ጋር የተደረገው ጦርነትና የአፄ ዮሐንስ 4ኛ መሥዋዕትነት ነው። ከተማዋም መተማ ዮሐንስ የምትባለው በእርሳቸው መታሰቢያ ነው። ይሁን እንጂ መተማ የጦር ሜዳ ብቻ አልነበረችም። ከጦርነቱ በፊትም ሆነ በኋላ የገበያ ቦታ ነበረች። የዚህን ታሪክ ምስክርነት ይዘው የቆዩት ደግሞ ነባሮቹ የቤተሰብ ሱቆች ናቸው።

የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ

ከጎንደር ተነስቶ በጭልጋ በኩል ወደ ቆላው የሚወርደው መንገድ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መንገድ ነው። በመንገዱ ላይ የምትገኘው የነጋዴ ባሕር ከተማ ስሟ ራሱ ይህን ያስታውሳል። ከደጋው ቡና፣ ሰምና ቆዳ ይወርዳል፤ ከሱዳን በኩል ደግሞ ጨርቃ ጨርቅና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይመጣል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢውን ያስተዳድሩ የነበሩት ከምዕራብ በኩል መጥተው የሰፈሩት የተክሩር ሼሆች፣ በሁለት ኃይሎች መካከል ሆነው ለሁለቱም ወገን ግብር ይከፍሉ ነበር። በ1854 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር ስለ ገበያው ጽፏል። ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን ሰውም በባርነት ይሸጥ እንደነበረ መዝግቧል። ታሪኩ ሲነገር ይህ አሳዛኝ ገጽታም ሊሸፈን አይገባውም።

ጦርነት በተደጋጋሚ የጎዳት ከተማ

የ1881ዱ ጦርነት ገበያውን ክፉኛ ጎዳው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ደግሞ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጋላባትና በመተማ ላይ ማጥቃት ሲከፍት ሁለቱ የድንበር ከተሞች ዳግመኛ የውጊያ ቦታ ሆኑ። በጎንደር የነገሥታቱ ግንቦች በድንጋይና በኖራ ስለታነፁ ዘመናትን ተሻግረው በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የቆላው ነጋዴ ግን የሚሠራው በእንጨት፣ በጭቃና በሣር፣ በኋላም በቆርቆሮ ነው። ምስጥ፣ እሳትና ጦርነት በሚፈራረቁበት አገር እንዲህ ያለ ቤት ቆሞ ከተገኘ ዋጋው የሚለካው በግድግዳው ውበት አይደለም።

ሱቁና ገበሬው

በአገራችን ትናንሽ ከተሞች የነባር ሱቅ አሠራር ተመሳሳይ ነው። ወደ መንገድ የሚከፈት ባለ ሁለት ተካፋች የእንጨት በር፣ ከፊቱ በረንዳ፣ ከውስጥ ባንኮኒና ሚዛን፣ ከኋላ መጋዘንና የቤተሰቡ መኖሪያ አለው። ሱቁ ለገበሬው የጨውና የስኳር መሸጫ ብቻ አልነበረም። ክረምት ሲገባ ብድር የሚገኘው ከዚያው ነው፤ ሰሊጡ ሲታጨድም ዕዳው የሚከፈለው እዚያው ሚዛን ላይ ነው። ዋጋውን የሚቆርጠው፣ ሚዛኑን የሚይዘውና መዝገቡን የሚጽፈው ግን ባለሱቁ ነበር። ባለሱቁ በችግር ቀን ደራሽ የነበረውን ያህል፣ ገበሬው በዕዳ የታሰረበትም ጊዜ ነበር።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዓላማ ይህን ሚዛን ማስተካከል ነው። በአዋጅ ቁጥር 147/1991 መሠረት በአዲስ መልክ የተደራጁት ማኅበራት ገበሬው ምርቱን በጋራ አቅርቦ በጋራ እንዲደራደር አስችለዋል። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም የሰሊጥ ዋጋ በይፋ የሚታወቅበትን መንገድ ከፍቷል። ይህ ለውጥ ለወጣቱ አባል ሙሉ በሙሉ የሚገባው ከምን እንደተነሳ ሲያይ ነው። ስለዚህ የአሮጌው ሱቅ ታሪክ የነጋዴው ቤተሰብ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የማኅበሩም ታሪክ መነሻ ነው።

ምን ይደረግ?

ነባር የነጋዴ ቤት ለቅርስነት ሲበቃ የሚያሳይ ምሳሌ በአገራችን አለ። በሐረር የራምቦ ቤት በመባል የሚታወቀው የህንዳዊ ነጋዴ ቤት ታድሶ ሙዚየም ሆኗል። በሌላ በኩል በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ፒያሳ ብዙ ነባር የንግድ ቤቶች ፈርሰዋል። የመተማ ቤቶች ከእነዚያ ይልቅ ደካሞች በመሆናቸው ለመጥፋት ቅርብ ናቸው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ ይዞታ ሥር ሊሆን እንደሚችል ይፈቅዳል፤ የመጠበቅ ግዴታንም በባለይዞታው ላይ ይጥላል። ሆኖም አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሸክሙን ሊችለው አይችልም። የወረዳው የባህል ባለሙያዎች ነባር ሱቆችን ለይተው መመዝገብ፣ ማዘጋጃ ቤቶችም ለማፍረስ ከመፍቀዳቸው በፊት ቤቱን ማስለካትና ፎቶግራፍ ማስነሳት ይገባቸዋል። ማኅበራትም አሮጌ ሚዛኖችን፣ የዱቤ መዝገቦችንና የአረጋውያንን ቃል ቢያሰባስቡ ወጪው አነስተኛ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሳ ብዙ ስደተኞች የገቡት በዚሁ የመተማ በር ነው። ድንበር ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ ገበያም ይወድቃል፣ ይነሳል። የዛሬው አባል አያቱ ሰሊጡን ያስመዘነበትን ቤት ለልጁ ማሳየት ከቻለ፣ ማኅበሩ ለምን እንደተቋቋመ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልገውም።