ሐይቅ ወለድ ሐረግ፦ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓሣ አይደለም

ባሕር ዳር ዓሣ ሲሸጥ በአብዛኛው ሦስት ስም ይጠራል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። ቆሮሶና አምባዛ በሌሎች ሐይቆቻችንም ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ግን 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች ይሸጣሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከጣና ሐይቅና ወደ እሱ ከሚፈሱት ወንዞች ውጭ በዓለም ላይ የትም የሉም።

የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ለእንዲህ ዓይነቱ ስብስብ «ስፒሺስ ፍሎክ» የሚል ስም አላቸው። ቃል በቃል «የዝርያ መንጋ» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን የዓሣ መንጋ ስንል ወደ አእምሯችን የሚመጣው አብሮ የሚዋኝ ዓሣ ነው፤ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ አብሮ መዋኘት ሳይሆን ከአንድ ዘር መውጣት ነው። «የዝርያ ቤተሰብ» እንዳይባል «ቤተሰብ» በሥነ ሕይወት አመዳደብ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ስለዚህ እዚህ «ሐይቅ ወለድ ሐረግ» እለዋለሁ። ሐረግ የትውልዱን መስመርና ቅርንጫፉን ይይዛል፤ ሐይቅ ወለድ የሚለው ደግሞ ቅርንጫፉ የወጣው እዚያው ሐይቁ ውስጥ መሆኑን ይናገራል።

አንድ ስብስብ በዚህ ስም ለመጠራት ዝርያዎቹ ከአንድ ቅድመ አያት የወረዱ፣ በዚያ አንድ ቦታ ብቻ የሚኖሩ፣ ቁጥራቸውም በአካባቢው ካለው ሌላ ሐይቅ ጋር ሲነጻጸር በግልጽ የበዛ መሆን አለበት። ብዙ ዓሣ ስላለ ብቻ ሐረግ አይባልም። ከየወንዙ ተሰባስበው የገቡ እንግዶች ሃምሳ ቢሆኑም እንኳ ሐይቅ ወለድ አይደሉም።

ጣና ይህን ለማፍራት የሚስማማ ቦታ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ፣ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ከ15 ሜትር የማያልፍ ሐይቅ ነው። ውኃውን ገድቦ ሐይቅ ያደረገው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄደ ጢስ ዓባይ ላይ 40 ሜትር ገደማ ይወረወራል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ያንን ገደል ሊወጣ አይችልም። ለዚህም ነው በታችኛው ዓባይ የሚገኘው ታላቁ አዳኝ፣ የናይል ፐርች፣ ጣና ውስጥ የሌለው። ሐይቁ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ ደርቆ እንደነበር ከሥሩ የወጣው ደለል ያሳያል፤ እንደገና ሞልቶ መፍሰስ የጀመረው ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ውኃው ሲመለስ ከወንዞቹ የገቡት የነጭ ዓሣ ቅድመ አያቶች፣ የላቢዮባርበስ ወገን ዓሦች፣ ሰፊና ተፎካካሪ የጎደለው ቤት አገኙ።

ያገኙትን ቤት እንዴት እንደተከፋፈሉት ለማየት አፋቸውን መመልከት ይበቃል። ሜጋስቶማ የሚባለው አፉ እስከ ዓይኑ አቅራቢያ የሚሰነጠቅ፣ ዓሣ የሚያሳድድ ነው። ሎንጊሲመስ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ከዳር ርቆ በገላጣው ውኃ ላይ ትንንሽ ዓሦችን ያድናል። የኔድጂያ ከንፈር ወፍራምና ሥጋማ ነው፤ በእሱ እየዳበሰ ከሐይቁ ወለል የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ብሬቪሴፋለስ ትንሽ ጭንቅላት አለው፤ ውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን በስንጥቡ እንደ ወንፊት ያጠልላል። ስሙን ከጎርጎራ የወሰደው ጎርጎሬንሲስ ደግሞ የውኃ ተክልና ቀንድ አውጣ ይበላል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አዳኞቹ ናቸው። እነዚህ ዓሦች የካርፕ ወገን ናቸው፤ የካርፕ ወገን ደግሞ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፣ ጨጓራም የለውም። ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ጉሮሮው ላይ ነው፤ የበላውን የሚፈጨው እዚያ ነው። ነክሶ መያዝ ለማይችል፣ ጠባብ ጉሮሮ ላለው ፍጥረት ዓሣ አድኖ መኖር ከባድ ሥራ ነው፤ በሌላው ዓለም ከዚህ ወገን ዓሣ በል የሆኑት ጥቂት ናቸው። ጣና ውስጥ ግን ከ15ቱ 8ቱ አዳኞች ሆነዋል። ቦታውን የሚቀማቸው ጥርሳም ዓሣ ገደሉን ተሻግሮ ስላልመጣ ነው እንጂ ሰውነታቸውስ ለዚህ አልተሠራም ነበር።

ሳይንሱ ራሱ ነጭ ዓሣ አንድ ዝርያ አለመሆኑን ለመቀበል ጊዜ ወስዶበታል። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤድዋርድ ሩፐል በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙዎቹን በየስማቸው መዝግቧቸው ነበር። በ1973 ኪት ባኒስተር የተባለ ተመራማሪ ሁሉንም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ ከሆላንዱ ዋህኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡት ሊዮ ናግልኬርክና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ቅርጻቸውን፣ ምግባቸውንና መራቢያቸውን አጥንተው እንደገና ለያዩአቸው። በዘር ቅንጣታቸው ያለው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ለወጣት ሐረግ ግን የሚጠበቀው ይኸው ነው።

መራቢያቸው የሐረጉ ምስጢርም ድክመትም ነው። ክረምት ሲገባ ሰባት ያህሉ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ ግልገል ዓባይና መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። መጀመሪያ ወንዙ ከሐይቁ የሚገናኝበት አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ድፍርሱን ውኃ ሰንጥቀው ጠጠር ወዳለባቸው ጥርት ወዳሉ ገባሮች ዘልቀው እንቁላል ይጥላሉ። ሁሉም በአንድ ቀን አይወጡም፤ ተራቸው ይለያያል፣ ያም እንዳይዳቀሉ ይረዳቸዋል። ነገር ግን በነሐሴና በመስከረም አንድ መረብ የወንዙን አፍ ከዘጋ የዓመቱን ወላጆች በሙሉ ሊያፍስ ይችላል። ለረጅም ዘመን በደንገል ታንኳ ብቻ ይጠመድ በነበረው ሐይቅ ላይ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ገባ። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በመረብ የሚያዘው ክብደታቸው በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ዓሣ ለማደንዘዝ ብርብራ ወቅጦ ውኃ ውስጥ መጨመሩም፣ ለግድብና ለመስኖ ወንዙን መጥለፉም፣ ከወንዝ ዳር አሸዋና ጠጠር መዛቁም እዚያው የመራቢያ ቦታ ላይ ያርፋሉ።

እንዲህ ያለ ሐረግ ሲጠፋ ታይቷል። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ የሚባል ሐይቅ አለ። የካርፕ ወገን የሆነ ሐይቅ ወለድ ሐረግ ነበረው፤ በ1924 አልበርት ሄሬ የተባለ ተመራማሪ 18 ዝርያዎች ቆጥሮበታል። ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያለ ልክ ማጥመድ ጨረሱት፤ በ2020 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15ቱ ከምድር መጥፋታቸውን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ወገን ሳይፈርስ የቀረ ትልቅ ሐረግ ቢባል የጣናው ነው።

የዓሣው ምርት ሲመዘገብ ግን ዛሬም ሁሉም «ነጭ ዓሣ» ተብለው በአንድ ኪሎ ይደመራሉ። በዚህ አቆጣጠር ሜጋስቶማ ቢጠፋና ሌላው ቢበዛ ድምሩ ላይ ምንም አይታይም። ቢያንስ አፈ ሰፊዎቹን አዳኞች ከሌላው ለይቶ መመዘን ይቻላል፤ በዓይን የሚለዩ ናቸውና ለዚህ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። በነሐሴና በመስከረም የአራቱን ወንዞች አፍ ከመረብ ነጻ ማድረግም እንዲሁ፤ የሚጠይቀው አጥማጆቹ ለሁለት ወር የሚያጡትን ገቢ የሚተካ መንገድ አብሮ ማሰብን ነው።