ስዕሎቹ የት ገቡ?

ትናንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደውሎ «መምህር፣ ያ የዲፓርትመንታችን ዊኪ አሁንም አለ?» አለኝ። ግማሹ አለ አልኩት። ግማሹ ለምን እንደቀረ ልንገራችሁ፤ የእኔ ጥፋት ቢሆንም የራሱ ታሪክ አለው።

ዊኪን የጀመረው ዋርድ ከኒንግሃም የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995። ስሙን ያገኘው ከሆኖሉሉ ኤርፖርት አውቶብስ ነው፤ በሃዋይ ቋንቋ «ፈጣን» ማለት ነው። ዊኪፒዲያ በ2001 ሲጀመር የሚሠራበት ሶፍትዌር ዩዝሞድዊኪ ይባል ነበር። ገጾቹ ተራ ፋይሎች ናቸው፤ ፎልደሩን ኮፒ ካደረጋችሁ ያለው ጽሑፍ በሙሉ እጃችሁ ገባ ማለት ነው። ችግሩ፣ ቦታ ለመቆጠብ የቆዩትን እትሞች እያጠፋ ይሄዳል። ስለዚህ የዊኪፒዲያ የመጀመሪያ ወራት ታሪክ ጠፍቷል ተብሎ ለዓመታት ተትቶ ነበር። በዲሴምበር 2010 ግን ቲም ስታርሊንግ የተባለ ፕሮግራመር የድሮ ፋይሎች ሲያገላብጥ የፌብሩዋሪ፣ የማርች እና የኦገስት 2001 ሙሉ ባክአፕ አገኘ። አሥረኛ ዓመቱ ሊከበር አንድ ወር ሲቀረው! አንድ ሰው ያኔ ኮፒ አድርጎ አስቀምጦት ነበር፣ በቃ።

በ2002 ማግነስ ማንስኬ የተባለ ጀርመናዊ የጻፈው ሶፍትዌር ጽሑፉን ማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ አስገባው። የዛሬው ሚዲያዊኪ ከዚያ መስመር የመጣ ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የተያዝኩት። በሚዲያዊኪ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፣ ስዕሉ ግን ለብቻው ሌላ ፎልደር ውስጥ።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ተማሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ ታስታውሳላችሁ። ዊኪያችን ደግሞ ግቢ ውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ዳታቤዙን በፍላሽ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩና ሥራዬን የጨረስኩ መሰለኝ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ ያ ፍላሽ ለማንም አልጠቀመም፤ ሰርቨር የሌለው ሰው በስልኩ ምን ብሎ ያነበዋል? በዓመቱ የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ተበላሸ። ፍላሹን አውጥቼ መለስኩት። ጽሑፉ አንድም ሳይቀር መጣ። በእጃችሁ ሥላችሁ በስልክ ያነሳችኋቸው የሰርኪዩት ንድፎች ግን የሉም፤ በየቦታቸው ቀይ የፋይል ስም ብቻ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

አሁን የተረፈውን ዚም ወደሚባለው ፋይል ቀይሬዋለሁ። ኪዊክስ የሚባለውን አፕ ከጫናችሁ ያለ ኢንተርኔት በስልክ ይከፈታል። ይሄኛውን ዋይፋዩንም ዳታውንም ዘግቼ፣ ገጽ በገጽ ከፍቼ አይቼዋለሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በቴሌግራም እልካለሁ።

እናንተም እባካችሁ አሮጌ ስልክና ሚሞሪ ካርድ ፈትሹልኝ። በተለይ የትራንስፎርመሩን ንድፍ። የሣለውን ልጅ ጠይቄው ነበር፣ እሱም ጋ የለም።