በቆሎ በሞላበት አገር ልጅ ለምን ይቀነጭራል?

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ብዙዎች እህል ጠፋ አሉ። የኢኮኖሚ ባለሙያው አማርትያ ሴን ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገሪቱ ምርት ያን ያህል እንዳልቀነሰ፣ የደሴ ዋጋም ብዙ እንዳልናረ አሳየ። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ መግዣ አልነበረውም፤ እንዲያውም ከወሎ እህል ይወጣ ነበር።

ቡሬና ፍኖተ ሰላም ዙሪያ በቆሎ ሞልቷል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉት ልጆች 46 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በአገር ደረጃ 38 በመቶ። እንቁላሉና ቅቤው ገበያ ይወጣል፣ ለልጁ የበቆሎ ገንፎ ይቀራል። አልፈርድም፤ የደብተርና የጨው ብር ከየት ይምጣ? ግን ልጁ 6 ወር ሲሞላው፣ ከጡት ጋር፣ ገንፎው ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ዱቄት ጨምሩለት፤ ለገበያ ከሚወጣው እንቁላልም ጥቂቱን አስቀሩለት። ከ2 ዓመት በኋላ የቀረ ቁመት በቀላሉ አይመለስም፤ ለክትባት ስትመጡ ክብደቱንና ቁመቱን አስለኩ።