ክሪኩን ወረስን፣ ፈረሱን ግን ጋራዥ ጥለነው መጣን

ዛሬ ረዘም ያለች ናት፣ ቡና ይዛችሁ አንብቧት። ታሪክ አስተማሪ ስለ መኪና ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም፤ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

ባለፈው እሁድ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ፣ ከእኛ ቤት ሁለት በር አለፍ ብሎ ያለ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ የአባቱን ዲኤክስ ኮሮላ ግቢ ውስጥ አንስቶ ከሥሯ ገብቷል። የሚታየኝ እግሩና አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። የፊት ጎማዋ ተፈቷል። መኪናዋን የያዛት አንድ ክሪክ ሲሆን ክሪኩ ደግሞ ብሎኬት ላይ ተቀምጧል።

"ውጣ" አልኩት።

"ቲቸር፣ አንድ ዳዶ ብቻ ነው የቀረኝ!"

ክፍል ውስጥ ብቻ በምጠቀምበት ድምፅ ደገምኩለት። እያጉረመረመ ወጣ። "ለሦስተኛ ጊዜ ነው እንዲህ የምሠራው፣ ወድቃ አታውቅም" አለኝ። እኔም ምንም ሳልመልስ መዳፌን በሩ ላይ አድርጌ ገፋ አደረግኳት፤ አንድ ሰው የጠነከረ ቡሎን ሲታገል ከሚገፋት የበለጠ አይደለም። ብሎኬቱ ተሰነጠቀ፣ ክሪኩ ተጋደመ፣ መኪናዋ ዱብ አለች። ልጁ ደረቱን አስተኝቶበት በነበረው ቦታ ከመሬቱ እስከ መኪናዋ ሆድ የቀረው ክፍተት አንድ ስንዝር አይሞላም። ሁለታችንም ለትንሽ ጊዜ አልተናገርንም። እናቱ ከውስጥ "ምንድነው የወደቀው?" አሉ። "ምንም አይደለም እማ" አለ።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝና ማሰብ ጀመርኩ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ሞተር ፈትቶ ይገጥማል። ታዲያ ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አለመሆኑን ማንም ያልነገረው ለምንድነው?

መልሱ ታሪክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል ወደ አገራችን የመጣችው በ1900 ዓ.ም ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለአጼ ምኒልክ ይዟት የመጣት ዎልስሌይ ሲድሌይ ነበረች። ያኔ ባቡሩ እንኳን ገና ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ጋራዥ የለም፣ መንገድም የለም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የጥቂት ነጋዴዎች ዕቃ ሆኖ ቆየ። ተራው ሰው ከመኪና ጋር በደንብ የተዋወቀው በክፉ ቀን፣ ጣሊያን በ1928 ዓ.ም አገሪቱን በካሚዮን ሲያጥለቀልቃት ነው።

ጣሊያን በ1933 ወጣ፤ ካሚዮኑና ቋንቋው ቀረ። ብዙ ጣሊያን መካኒኮችም እዚሁ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። እስቲ ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ገብታችሁ ጆሮ ስጡ፦ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ጎሚስታ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ማርሚታ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ክሪክም እንደዚያው። እነዚህን ቃላት ማንም በመጽሐፍ አልተማራቸውም። ረዳቱ ከሾፌሩ፣ ሾፌሩ ከጣሊያኑ አፍ ለቀማቸው።

አሁን ልብ በሉልኝ። ጣሊያኖች መኪና ከተነሳ በኋላ ከሥሩ የሚቆመውን የብረት መደገፊያ ካቫሌቶ ይሉታል። ትርጉሙ "ትንሽ ፈረስ" ማለት ነው፣ እግሮቹን አንፈራጦ ስለሚቆም። ይህን ቃል በሰፈራችን ላሉ ስድስት ሰባት ሰዎች ጠየቅኳቸው፣ አንዱም ለመኪና አያውቀውም። ክሪክን ግን የስድስት ዓመት ልጅም ያውቀዋል። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ክሪክ ከመኪናው ጋር፣ ከትርፍ ጎማው አጠገብ ታስሮ ይመጣል። ካቫሌቶ ግን የጋራዥ ወለል ዕቃ ነው፣ ከመኪና ጋር የሚሰጠው ፋብሪካ የለም። መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ክሪክ ይበቃል፤ ጎማ የሚቀይር ሰው ከጎን ቁጢጥ ብሎ ይሠራል እንጂ ከሥር አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ለእኔ ዋናው ነው። የድሮ ሾፌሮቻችን የለመዱት ከባድ መኪና ነው። ፊያት 634ን፣ እነሱ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን አስቡት። እንደዚህ ያለ ካሚዮን በራሱ ጎማ ላይ ቆሞ ሰው እንደ ልቡ ከሥሩ ይገባል። ዝናብ ሲመጣ ረዳቱ እዚያው ይጠለላል፣ ሌሊት ይተኛል። ከሥር ለመግባት ማንሳት አያስፈልግም። ማንሳት አንድ ሥራ፣ ከሥር መግባት ሌላ ሥራ ነበር። ረዳቱ የሚያስፈልገው ታኮ ብቻ ነው፤ ካሚዮኑ እንዳይንሸራተት ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር የሚወሸቀው ድንጋይ ወይም እንጨት።

በኋላ ትንሿ መኪና መጣች። ሲቼንቶ፣ ቮልስ፣ ላዳ፣ ኮሮላ፣ አሁን ደግሞ ቪትዝ። ሆዷ ከመሬት ጥቂት ከፍ ያለ ነው፣ ሳይነሳ አያስገባም። ሁለቱ ሥራ አንድ ሆነ፣ ልማዱ ግን የካሚዮን ልማድ ነው። ክሪኩ ይነሳል፣ ሰው ይገባል። በዚህ ላይ የእኛ ከተማ ልጆች ሙያውን የሚጀምሩት በባጃጅ ነው። ባጃጅን ደግሞ ሁለት ሰው በጎኗ አጋድሟት ሆዷን እያየ ይሠራል፣ ክሪክም አያሻትም። ያ ልጅ መኪና ላይ ሲመጣ ክብደት የሚባል ነገር በእጁ አያውቅም ማለት ነው። ኮሮላ ወደ አንድ ቶን ትጠጋለች።

ክሪኩ ራሱ ምን እንደሆነ የፊዚክስ መምህር ጓደኛዬን ጠይቄው ነበር። ጆሴፍ ብራማ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1795 በውሃ ግፊት የሚሠራ መጭመቂያ አስመዘገበ። ሪቻርድ ደጅን የሚባል ሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1851 ኒውዮርክ ላይ ሐሳቡን ወደሚንቀሳቀስ ማንሻ ለወጠው። እስከ ዛሬ የዘይት ክሪክ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ያን ሁሉ ክብደት የያዘው ትንሽ ዘይትና አንድ ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ካረጀ ዘይቱ ያልፋል፣ ክሪኩ ይወርዳል። አንዳንዴ ቀስ ብሎ፣ አንዳንዴ ደግሞ ሳይናገር። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ባለ ጥርሱ ክሪክ ዘይት የለውም፣ ግን እግሩ ጠባብ ስለሆነ ከጎን ሲገፋ ይጋደማል። እሁድ ያየሁት እሱን ነው።

ብሎኬቱስ? ብሎኬት ውስጡ ክፍት ነው። ግድግዳ ላይ ጭነቱ በእኩል ሲያርፍበት ይችላል፤ አንድ ብረት በአንድ ነጥብ ሲጫነው ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈርሳል። ቸርኬ ደራርቦ መደገፍም ከዚህ ብዙም አይሻልም፣ ይንሸራተታል።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት መልስ ልጁንና አንድ ትልቅ መካኒክ ጎረቤታችንን ይዤ ሥራውን ከመጀመሪያው አየነው። ጋሼ (እንዲህ ነው የምንጠራቸው) መጀመሪያ ያደረጉት ክሪክ ማንሳት አይደለም፤ መሬቱን ማየት ነው። አሸዋማ ከሆነና ኮብልስቶኑ ከላላ እዚያ ቦታ አይሠራም አሉ፣ መኪናዋን ገፍተን ሲሚንቶ ወለል ላይ አመጣናት። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን በፊትና በኋላ ታኮ አደረጉ። "የኋላውን የምታነሳ ቢሆን ኖሮ ታኮው ለፊት ጎማ ነው፤ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ነዋ፣ አየር ላይ ያለ ጎማ ምን ይይዝልሃል?" አሉት። የጎማውን ዳዶ ገና መሬት ላይ እያለ አላሉት። ክሪኩን ፋብሪካው ለማንሻ ብሎ ያጠነከረው ቦታ ላይ አሳርፈው አነሱ፣ ከጋራዥ ያመጧቸውን ሁለት ካቫሌቶዎች ከሻሲው ጠንካራ ቦታ ሥር አቆሙ፣ የሁለቱን ቁመት እኩል አድርገው ጥርሱ በደንብ መግባቱን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ክሪኩን ቀስ ብለው ለቀው ክብደቱን በሙሉ ፈረሶቹ ላይ አወረዱ። የተፈታውን ጎማ አጋድመው ከመኪናዋ ጎን ሥር አስገቡት። ፈረሱ ቢከዳ እንኳን ጎማው ክፍተት ያስቀራል።

በመጨረሻ እንደኔው በእጃቸው ገፏት፣ ከእኔ በጣም በበረታ ጉልበት። ንቅንቅ አላለችም። "አሁን ግባ" አሉት።

ጥርሱን መዳሰስ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርበር ፍሬይት የተባለው ድርጅት የሸጣቸውን እጅግ ብዙ መደገፊያዎች መልሱልኝ ብሎ ሰብስቧል፣ ጥርሱ ጭነት ላይ እያለ ሊለቅ ይችላል ተብሎ። ስለዚህ እዚህም ሰፈር ውስጥ በቁርጥራጭ ቧንቧ የተበየደ ካቫሌቶ ካያችሁ ስንት ኪሎ እንደሚችል የተጻፈበት ነገር ፈልጉ። ካልተጻፈበት እኔ ከሥሩ አልገባም፣ እናንተም ልጆቻችሁን አታስገቡ።

ልጁ ከአባቱ ጋር ተማክሮ አንድ ጥንድ ባለ ሦስት ቶን ገዝቷል። ትናንት በበራቸው ሳልፍ ከግቢው ውስጥ ጠራኝ፦ "ቲቸር፣ ፈረሶቼን አዩአቸው?" ስም አውጥቶላቸዋል፤ አንዱ ዳማ ነው፣ አንዱ ቦራ።