በጀልባ ላይ የተገጠመ ቻርትፕሎተር የሳተላይት ምልክት ሲያጣ ሊወሰዱ የሚገባቸው እርምጃዎች

ቻርትፕሎተር ከጂፒኤስና ከሌሎች ሳተላይቶች በሚቀበለው ምልክት የጀልባውን ቦታ በካርታ ላይ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። እንደ ጣና ባሉ ሰፋፊ ሐይቆች ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ የሞተር ጀልባዎች፣ በተለይም በጭጋግና በምሽት፣ በዚህ መሣሪያ ሊገለገሉ ይችላሉ። ይህ መረጃ የተዘጋጀው የጀልባ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ምልክት ሲጠፋ ችግሩን በቅደም ተከተል እንዲለዩ ለማገዝ ነው። ከመነሻው ሊታወቅ የሚገባው ነገር አብዛኛው ብልሽት በሳተላይቶቹ ሳይሆን በራሱ በጀልባው ላይ የሚገኝ መሆኑ ነው።

ሀ. በቅድሚያ የተሳፋሪዎችን ደኅንነት ያረጋግጡ

ምልክት ሲጠፋ ካርታው ከማሳያው ላይ ላይጠፋ ይችላል። በርካታ መሣሪያዎች የጀልባውን ምስል በመጨረሻ በታወቀው ቦታ ላይ አቁመው ያቆያሉ፤ አሽከርካሪው ይህን ሳያስተውል ከቀጠለ ጀልባው ከድንጋያማ ዳርቻ ወይም ከደሴት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ስለዚህ፦

1. ፍጥነት ይቀንሱ፤ ዳርቻውን በዓይን የሚከታተል ሰው ይመድቡ።
2. ሰዓቱን፣ የኮምፓሱን አቅጣጫና የጀልባውን ፍጥነት በወረቀት ይመዝግቡ። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ጀልባ በ30 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ይህ ቀላል ስሌት ግምታዊ ቦታን ለማወቅ ያስችላል።
3. ስልክንና የብረት ዕቃን ከኮምፓሱ ያርቁ።
4. ብልሽቱን የሚፈትሸውና ጀልባውን የሚያሽከረክረው ሰው አንድ መሆን የለበትም። ሌላ ሰው ከሌለ ፍተሻው ወደብ እስኪደረስ ይቆይ።

ለ. ችግሩ በጀልባው ላይ ነው ወይስ ከጀልባው ውጭ?

ይህን በእጅ ስልክ መለየት ይቻላል። ስልክዎን በአውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርገው፣ የቦታ መለያው መከፈቱን አረጋግጠው፣ ሰማይ በግልጽ በሚታይበት ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃዎች ያቆዩት። ስልክ የሳተላይት ምልክት ለመቀበል ኔትወርክ አያስፈልገውም። ስልኩ ቦታውን ካገኘና ቻርትፕሎተሩ ካላገኘ ብልሽቱ በጀልባው ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ ተራ ቁጥር ሐ ይለፉ። ሁለቱም ካጡ ተራ ቁጥር ሠን ይመልከቱ።

ሐ. በጀልባው ላይ የሚደረግ ፍተሻ

1. የኤሌክትሪክ ኃይል። መሣሪያው ሞተር ሲነሳ የሚጠፋ ወይም እንደገና የሚጀምር ከሆነ ባትሪውን በቴስተር ይለኩ። ጤናማና የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተር ጠፍቶ ሳለ ወደ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ ሞተር በሚነሳበት ቅጽበት ከ10 ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው ራስ ላልቷል ወይም ዝጓል። ፊውዙንም ይመልከቱ። የተቃጠለ ፊውዝ በተመሳሳይ አምፔር ብቻ መተካት አለበት፤ በሽቦ ማሰር ለእሳት አደጋ ያጋልጣል።

2. የአንቴናው አቀማመጥ። አንቴናው ሰማይን በሁሉም አቅጣጫ ማየት አለበት። ሸራና ፋይበርግላስ ምልክትን ብዙም አይከለክሉም፤ የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ሙሉ በሙሉ ይጋርዳል። አንቴናው ውስጡ የተሠራለት ቻርትፕሎተር ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከተገጠመ የውጭ አንቴና ያስፈልገዋል። በጣሪያ ላይ የሚጫን የቤት ክዳን ቆርቆሮ፣ የብረት በርሜልና በአንቴናው አጠገብ የሚቀመጥ መንገደኛም ምልክትን ይጋርዳሉ። አንቴናውን ብረት ነክ በሆነ ቀለም መቀባትም ተገቢ አይደለም።

3. ኬብልና ማገናኛ። የውጭ አንቴና የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በአብዛኛው በዚያው ኬብል በኩል ስለሆነ፣ የተቆረጠ ወይም ውኃ የገባበት ኬብል አንቴናውን ከነጭራሹ ያጠፋዋል። መሣሪያውን አጥፍተው ማገናኛውን ይንቀሉ። አረንጓዴ ሽፋን ካዩ ዝገት ነው፤ በደረቅ ብሩሽ አጽድተው፣ አድርቀው፣ አጥብቀው ይመልሱ። ምልክቱ በማዕበል ጊዜ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ላልቶ የሚነቃነቅ ማገናኛን ይጠርጥሩ።

4. የሌሎች መሣሪያዎች ጣልቃ ገብነት። ጥራታቸው ዝቅተኛ የሆኑ የስልክ ቻርጀሮች፣ የኤልኢዲ መብራቶችና ኢንቨርተሮች ደካማውን የሳተላይት ምልክት ሊያውኩ ይችላሉ። ሁሉንም አጥፍተው አንድ በአንድ ይክፈቱ፤ ምልክቱ የትኛው ሲከፈት እንደሚጠፋ ያስተውሉ። የሬዲዮ አንቴናና የጂፒኤስ አንቴና ቢያንስ በአንድ ሜትር ቢራራቁ ይመረጣል።

መ. የመሣሪያው ቅንብር

1. የልምምድ ሁነታ። አንዳንድ መሣሪያዎች ለመለማመጃ የሚያገለግል ሐሰተኛ ጉዞ የሚያሳዩበት ሁነታ አላቸው። በስህተት ከተከፈተ ጀልባው ቆሞ ሳለ ሲጓዝ ያሳያል፤ በአስቸኳይ መዝጋት ይገባል።
2. ለረጅም ጊዜ ያልበራ መሣሪያ። የጂፒኤስ ሳተላይቶችን አጠቃላይ መርሐ ግብር ከሰማይ ለመቀበል 12 ደቂቃ ተኩል ይወስዳል። ለወራት ጠፍቶ የቆየን መሣሪያ ከመነሳትዎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድመው ያብሩት።
3. የተሳሳተ ቀን። የጂፒኤስ የሳምንት ቆጠራ በየ1,024 ሳምንቱ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በመጨረሻ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ መሣሪያ ወደ 20 ዓመት ገደማ የዘገየ ቀን ካሳየ ሶፍትዌሩ መታደስ አለበት።
4. ምልክት እያለ የተዛባ ቦታ። የሀገራችን ነባር ካርታዎች አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ የተዘጋጁ ሲሆን ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ነው። ሁለቱን ማደባለቅ ከ100 ሜትር በላይ ስህተት ያስከትላል።

ሠ. ብልሽት ሳይኖር ምልክት የሚጠፋበት ሁኔታ

የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ ቀጣና፣ ጀምበር ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት፣ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል ሊታወክና የሳተላይት ምልክቶችን ሊያቆራርጥ ይችላል። ክስተቱ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ፣ እንዲሁም የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት ይበረታል። መለያው ቀን በደኅና የሚሠራ መሣሪያ ምሽት ላይ መቆራረጡ፣ በአቅራቢያ ያሉ ጀልባዎችና ስልኮችም ተመሳሳይ ችግር ማየታቸው ነው። በጥገና አይፈታም፤ በራሱ ጊዜ ያልፋል። ከጂፒኤስ በተጨማሪ ግሎናስን፣ ጋሊሊዮንና ቤይዱን የሚቀበል መሣሪያ የተሻለ ይቋቋመዋል። ስለሆነም በእነዚህ ወራት የምሽት ጉዞን በቻርትፕሎተር ብቻ ተማምኖ መጀመር አይገባም።

ረ. ወደ ባለሙያ ሲሄዱ

ከላይ የተዘረዘሩት ተፈጽመው ችግሩ ካልተወገደ መሣሪያውን ራስዎ አይክፈቱ፤ ውኃ የማያስገባው ሽፋን ይበላሻል። ለባለሙያው የመሣሪያውን ሞዴል፣ ምልክቱ የጠፋበትን ሰዓትና ቦታ፣ የተለካውን ቮልት፣ እንዲሁም የሳተላይቶቹን ብዛት የሚያሳየውን ገጽ ፎቶ ያቅርቡ። ቦታን ከነከፍታው ለማወቅ ቢያንስ 4 ሳተላይቶች ስለሚያስፈልጉ ይህ ቁጥር የብልሽቱን ዓይነት ለመለየት ይረዳል።

ማሳሰቢያ፦ ቻርትፕሎተር ረዳት እንጂ የአሽከርካሪ ዓይን ምትክ አይደለም። የሚሠራ ኮምፓስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሕይወት አድን ጃኬትና የተሞላ ስልክ ሳይዙ ከወደብ አይነሱ።