የገበሬው ሚዛን፦ የ1960 የእርሻ ገቢ ግብርና የ1961 ምርጫ በጎጃም

በ1961 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሕዝብ እንደ ሌላው የአገሪቱ ሕዝብ ሁሉ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት እንደራሴዎቹን እንዲመርጥ ተጠራ። በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ይህ አራተኛው ምርጫ ነበር። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሁሉ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ድምፅ የመስጠት መብት ነበረው። ይሁን እንጂ የሞጣና የቢቸና አውራጃ ገበሬ በመንግሥቱ የኢኮኖሚ ሥራ ላይ ፍርዱን የሰጠው በዚያ ምርጫ አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በድምፅ መስጫ ሳጥን ፊት ሳይሆን በየጋራው፣ ጠመንጃውን ይዞ ሰጥቶ ነበር።

የነገሩ መነሻ በ1960 ዓ.ም. ኅዳር ወር የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። አዋጁ የቀድሞውን አስራት አስቀርቶ በምትኩ ከእርሻ በሚገኘው ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም አሳብ ነበር። አስራት ብዙ ያመረተውንም ጥቂት ያመረተውንም በአንድ ዓይን ያያል፤ አዲሱ ግብር ግን ከፍ ያለ ገቢ ያለው ከፍ ያለ እንዲከፍል ያደርጋል። ረቂቁ በፓርላማ ውስጥ ብዙ ተከራክረውበት፣ ባለ ርስቶችና ባለ መሬቶች የበዙበት ምክር ቤት ከመጀመሪያው መልኩ አላልቶ ነው ያሳለፈው። በዚህ ምክንያት የጎጃም ገበሬ ያመፀበት ሕግ፣ ቢያንስ በሥርዓቱ፣ እሱ ራሱ የመረጣቸው እንደራሴዎች የተቀመጡበት ምክር ቤት የሠራው ሕግ ነበር። ይህን ነጥብ ብዙዎች ያልፉታል፤ የታሪኩ ቁልፍ ግን እዚህ ላይ ነው።

ዛሬ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጉንደ ወይን ዙሪያ ያለውን አገር ያየ ሰው፣ ገበሬው ሕጉን እንዴት እንደ ተረዳው ለመገመት አይቸገርም። ደጋው ለም ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይበቅልበታል። መሬቱ በትውልድ ሐረግ የሚቆጠር ርስት ስለ ነበረ፣ አንድ ሰው የሚያርሰው ማሳ በልዩ ልዩ ስፍራ የተበታተነ፣ የዘመድ ክርክርም የማይለየው ነበር። በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል መሬት በቃላድ ተለክቶ፣ ለባለ ሥልጣንና ለባለ ውለታ ተከፋፍሎ፣ ነባሩ ሕዝብ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱን የጎጃም ሰው ሰምቷል። ስለዚህም ገማቾች መጥተው ማሳውን እየዞሩ ምርቱን ሊገምቱ ነው ሲባል፣ የሰማው «ገቢህ ሊታወቅ ነው» የሚለውን አልነበረም፤ «ርስትህ ሊለካ ነው» የሚለውን ነበር።

ሥጋቱ ከባዶ የመጣ አልነበረም። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጆች ሲወጡ ጎጃም አልቀበልም ብሎ ታግሎ፣ በመጨረሻ ከወረራው በፊት በነበረው ልማድ እንዲገብር ተፈቅዶለት ነበር። እንግዲህ መንግሥት ቀስ ብሎ በሌላ በር እየተመለሰ ነው ብሎ መጠርጠሩ፣ የልምድ ፍርድ እንጂ የአላዋቂነት ምልክት አይደለም።

የመለኪያ ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ በዚህ አዋጅ ላይ ሌላ ጉድለትም ያያል። ግብሩ የሚጣለው በገቢ ላይ ሲሆን፣ ገቢውን የሚመዘግብ መዝገብ አልነበረም፤ መሬቱ አልተለካም፤ የምርት ሚዛን በየቀበሌው የለም። የነበረው የገማች ዓይን ብቻ ነው። በመሣሪያ ሲለካ ስሕተቱ መጠኑ ይታወቃል፤ በዓይን ሲገመት ግን ስሕተቱ ወዴት እንደሚያጋድል የሚወስነው ገማቹ የሚወደውና የሚፈራው ሰው ነው። የተመጣጠነ ግብር የሚባለው ሕግ እታች ሲደርስ ለጉቦ የተመቸ ሕግ ሆነ። በዚህ ላይ ጠቅላይ ግዛቱን ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ ነበሩ፤ ከሕዝቡ አቤቱታ መካከል የጦር መሣሪያ ምዝገባና ልዩ ልዩ መዋጮ ይገኙበታል። ገበሬው አዋጁን ከአስፈጻሚው ለይቶ እንዲያይ መጠበቅ ከባድ ነው።

የመንግሥቱ ሒሳብ በሌላው ወገን ምን ይመስል ነበር? ፍትሐዊ ለመሆን ይህንም መጠየቅ ይገባል። ጎጃም ፈጽሞ አልተረሳም። በባሕር ዳር ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም በ1955 ተከፈተ፤ የጢስ ዓባይ የውሃ ኃይል ማመንጫ በ1956 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ተቋም የወጡ ቴክኒሻኖች በአገሪቱ ፋብሪካዎችና የመብራት ጣቢያዎች ሁሉ አገልግለዋል። ለአንድ መሐንዲስ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የጎንቻ ገበሬ ከጢስ ዓባይ አምፖል አላበራም፤ ልጁንም ፖሊቴክኒክ ለማስገባት መጀመሪያ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያስፈልገው ነበር። በዚያው በ1960 ዓ.ም. በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በስዊድን ርዳታ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቁሞ ለትንንሽ ገበሬዎች ዘርና ማዳበሪያ በብድር ማደል ሲጀምር፣ ለሞጣና ለቢቸና ተመሳሳይ አልመጣም። ለአንዱ ማዳበሪያ፣ ለሌላው ገማች ተላከ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዐመፁ በ1960 ዓ.ም. ሲነሣ መንግሥት በመጀመሪያ ፖሊስና ነጭ ለባሽ ላከ፤ ቀጥሎም ጦር ሠራዊት ዘመተ፤ በክረምቱም መንደሮች በአውሮፕላን ተደበደቡ። ለግብር ማስከፈያ የወጣው ወጪ ሊሰበሰብ ከታሰበው ግብር ጋር ሲተያይ ምን ያህል እንደ ነበር ለማሰብ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም። ኋላም መንግሥት አፈገፈገ። ገዢው ከጎጃም ተነሡ፤ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተከማቸው ውዝፍ ግብርም ተማረ፤ የእርሻ ገቢ ግብሩ በጎጃም ሳይሠራበት ቀረ ማለት ይቻላል። ውዝፉ ሲማር አሥራ ስምንት ዓመት በታማኝነት የገበረው ሰው ያገኘው ነገር አልነበረም፤ ያልገበረው ግን አተረፈ። በአገር ገንዘብ አስተዳደር ረገድ ከዚህ የከፋ ትምህርት ለሕዝብ ሊሰጥ አይችልም።

እንግዲህ የ1961 ምርጫ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መራጩ ሊፈርድ ይችል የነበረው በማን ላይ ነው? ፓርቲ አልነበረም። አንድ የምርጫ ወረዳ ሁለት ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ ተወዳዳሪው የሚቀርበው በስሙ፣ በዘመዱና በንብረቱ እንጂ በፕሮግራም አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ለተወዳዳሪው የንብረት መጠን ስለ ወሰነ ተራው ገበሬ ራሱ ሊወዳደር አይችልም። ሚኒስትሮችን የሚሾሙትና የሚሽሩት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባላትም እንደዚሁ በሹመት የሚገቡ ነበሩ። ግብሩን ያሰበው የገንዘብ ሚኒስቴር፣ ያስፈጸሙት ጠቅላይ ገዢ፣ የዘመተው ጦር፣ ሁሉም ከድምፅ መስጫው ሳጥን ውጭ ነበሩ። መራጩ ቢከፋው እንደራሴውን ይለውጣል፤ እንደራሴው ግን መንግሥቱን ሊለውጥ አይችልም። ጠቅላይ ገዢውን ያስነሣው ጠመንጃ ነበር። ገበሬው ከሁለቱ የትኛው መንገድ ውጤት እንዳለው በገዛ ዓይኑ አየ።

ከዚህ ላይ ገበሬውን ያለ ልክ ማመስገንም አይገባም። ሚዛኑ ለርስቱ ደኅንነት የተሠራ ስለ ነበረ ሌላ ነገር አይመዝንም ነበር። መንገድ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ያለ ግብር አይሠራም፤ ጎጃም በገንዘብ ረገድ ለረጅም ዘመን ጥቂት ከፍሎ ጥቂት አገኘ። ከዚህም በላይ የደጋ ገበሬ የዓመቱን ኑሮ የሚያውቀው በጎተራው ነው፤ ጎተራውን የሚሞላውና የሚያጎድለው ግን በአብዛኛው ዝናቡ ነው። መልካም ዝናብ የጣለበትን ዘመን የመንግሥት ደግነት፣ ውርጭና በረዶ የመታውን የመንግሥት ክፋት አድርጎ የሚቆጥር መራጭ በየአገሩ አለ፤ በበለጸጉት አገሮችም መሪዎች የነዳጅ ዋጋ ባነሣቸው ይነሣሉ፣ በጣላቸው ይወድቃሉ። ልዩነቱን ለማየት አንድ አውራጃ ከጎረቤቱ፣ አንድ ዓመት ከሌላው ጋር መተያየት አለበት፤ ለዚህ ደግሞ በይፋ የሚታተም መዝገብ ያስፈልጋል።

የኋላው ታሪክ በአጭሩ ይነገር። በ1967 ዓ.ም. የካቲት የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ርስት የሚባለው በአዋጅ ቀረ። ደርግ በኮታ እህል ይወስድ ጀመር፤ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅትም በመንግሥት ተመን ይገዛ ነበር፤ ጎጃም ትርፍ አምራች በመሆኑ ሸክሙ የከበደው አገር ነበር። በ1979 የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲካሄድ ድምፅ የሚሰጠው ገበሬ ኮታውን አይወድም ነበር፤ ተወዳዳሪዎቹ ግን ሁሉ በኢሠፓ የታዩና የተፈቀዱ ስለ ነበሩ ይህን የሚገልጽበት መስመር በወረቀቱ ላይ አልነበረም። ኮታው የቀረው በ1982 ዓ.ም. መጋቢት ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ ሥርዓቱ በጦር ሜዳ እየተሸነፈ ሳለ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል «ቢሮክራሲ» የተባሉት፣ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር ያገለገሉ ሰዎች፣ ይዞታቸው ከሌላው ያነሰ እንዲሆን ተደረገ፤ የማዳበሪያ ዕዳም በብዙ ቤት ገባ።

በ1997 ዓ.ም. ግንቦት 7 ምርጫ ሲደረግ በወረቀቱ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያወዳድር አማራጭ ቀረበ። ተቃዋሚው ቅንጅት በአዲስ አበባ 23ቱንም መቀመጫዎች አገኘ፤ በአማራ ክልል ገጠርም ገዢው ፓርቲ ያልጠበቀውን ያህል ድምፅ ወሰደ። ከዚያ በኋላ በተደረገው የ2002 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫዎች 545ቱን ሲይዙ፣ የጎንቻ ገበሬ የማዳበሪያውን ዋጋ፣ የመሬቱን ይዞታና የመንገዱን ሁኔታ አስልቶ የደረሰበት ፍርድ በዚያ ቁጥር ውስጥ የት እንደ ተቀመጠ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።