ጠገራ ብር በጌጫ

ከእናቴ የወረስሁት ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 ነው። ዓመቱ ግን ብሩ መቼ እንደተመታ አይናገርም። ምስሏ ብሩ ላይ ያለው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የትም አገር የተመታው ብሯ ሁሉ ያንኑ 1780 ይዞ ወጥቷል። ከደረቷ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት የጉንዝቡርግ ብር መምቻ ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው፤ ቪየና፣ ሮምና ለንደን የተመታውም ይዟቸዋል። ክብደቱም ያው 28 ግራም ገደማ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ብሩ በየትኛው በር ወደኛ እንደገባ ነው። ከፋ እ.ኤ.አ. በ1897 በምኒልክ ጦር ተያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ጌጫ ያለችበት ሸካ ተከተለ። ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማና የዝሆን ጥርስ ወደ ጎሬ መጋዝ ጀመረ። በ1902 የተፈረመው ውል እንግሊዞች ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲይዙ ስለፈቀደ ጋምቤላ ተቋቋመች። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከቡ ቡናውን ጭኖ ወደ ካርቱም ይወርዳል፤ ብሩ ደግሞ ዳገቱን በበቅሎ ይወጣል። እናቴ እንደነገረችኝ፣ ሻጭ ብሩን ድንጋይ ላይ ጥሎ ድምፁን ያዳምጣል፣ የራስ ጌጧን ፈርጥ ይቆጥራል፣ ፊቷ የደበዘዘውን አይቀበልም። ምኒልክ በ1894 ፓሪስ ያስመቱት ብር በክብደት ባያንስም፣ ገበያው የለመዳትን ሴትዮ አልለቀቀም።

በ1935 ግን ሙሶሊኒ የመምቻውን ቅርጽ ከቪየና ወስዶ ሮም ላይ ያስመታ ጀመር፤ ለወረራው ያስፈልገው ነበር። በማግስቱ ዓመት እንግሊዞችም ለንደን ላይ አስመቱ፤ በኋላ ቦምቤይ ተጨመረች። እንግዲህ በእጄ ያለው የአያቴ የማር ዋጋ ነው ወይስ ጣሊያን ለባንዳ የከፈለው? ዐዋቂዎች አንዱን ከሌላው የሚለዩት በትከሻዋ ላይ ባለው ጌጥ ዕንቁና በንስሩ የጅራት ላባ ነው። የእኔው ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ሲታሽ ስለኖረ ያ ሁሉ ጠፍቷል።

የቀረው የእናቴ ቃል ነው፤ ጣሊያን ሳይገባ በፊት በማር የተገኘ ነው ትል ነበር። ቃሏን ስለማምን ሮም ከዝርዝሩ ትወጣለች፤ ሚዛኑም ወደ ቪየና ያጋድላል። በ1945 አዲሱ የወረቀት ገንዘብ ሲወጣ ብዙ ጠገራ ብር አንጥረኛ ቤት ገብቶ መስቀልና ቀለበት ሆኗል። የተረፈለት የጌጫ ቤተሰብ ካለ ከመሸጡ በፊት ሁለቱንም ገጽ ፎቶ ያንሳልኝ፤ ማን፣ በምን ሸቀጥ፣ ከየትኛው ገበያ እንዳገኘውም ሽማግሌዎቹን ጠይቆ ይጻፍልኝ።